ሌት ወዳጅ፣ ቀን ባይተዋር

በአዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ወዳጅ ያለው ሰው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንዱ ሹሙን፣ ሌላው ነጋዴውን ይጠራ ይሆናል። እኛ ግን አዝማሪው ነው እንላለን፤ ይህንም የምንለው ወዳጅነት የሚለካው በሰላምታና በጭብጨባ ብዛት ከሆነ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሌሊቱ እስኪጋመስ ድረስ በአዝማሪ ቤት የማይታቀፍ፣ ግንባሩ ላይ ብር የማይለጠፍለት አዝማሪ የለም። በማግሥቱ ግን ያው ሰው መሰንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሲያገኘው፣ ማታ ያቀፈው እንግዳ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የፈለግነው ስለዚህ ፊት ማዞር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ኑሮው ጥቂት እንበል፤ ብዙዎች የሚያውቁት የሌሊቱን ግማሽ ብቻ ነውና። አዝማሪ ሌላው ሰው ሥራ ሲገባ የሚተኛ፣ ሌላው ሰው ራቱን ሲበላ ሥራ የሚገባ ሠራተኛ ነው። ቁርሱን በምሳ ሰዓት ይበላል። ከዚያ በኋላ የመሰንቆውን ጭራ ይፈትሻል፤ ደጋኑን ዕጣን ያሸዋል፤ በክረምት ወራት ቆዳው ሲላላበት ከፍም አጠገብ አድርጎ ያሞቀዋል። አብራው የምትዘፍነው ሴት ደግሞ ቀሚሷን ታጥባለች፤ ልጇን ከትምህርት ቤት ተቀብላ ታበላለች፤ ሲመሽም ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ትወጣለች። ሁለቱም ወሬ ይሰማሉ። የጤፍ ዋጋ ስንት ደረሰ? ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ? በእግር ኳስ ማን ማንን አሸነፈ? ለኛ ወሬ የሆነው ለነርሱ የማታው ግጥም ጥሬ ዕቃ ነው።

ሲመሽ ሥራው ሁለት ዓይነት ይሆናል፤ አንዱ የእጅ፣ ሁለተኛው የዓይን ሥራ ነው። እንግዳው ከበር ሲገባ አዝማሪው ጫማውን፣ አነጋገሩንና አብሮት የመጣውን ሰው ይመለከታል። ጠጋ ብሎ ስሙንና አገሩን ይጠይቃል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ እንግዳው ስሙን፣ የአባቱን አገርና ምናልባትም የደበቀውን ኩራት በዜማ ሲሰማ ያገኘዋል። እንግዳውም በተራው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ቃል ሳይጥል ተቀብሎ ይመልሳል። እኛ በትምህርት ክፍላችን አንድን ሰምና ወርቅ ለመተንተን ሳምንት ተሰጥቶን እንኳ እንቸገራለን፤ እርሱ ግን ብርጭቆ በሚንኳኳበት፣ አስተናጋጅ በሚጮኽበት ቤት ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ይሠራዋል። ይህን ችሎታ ሥራ ነው ካላልነው፣ ሥራ የምንለው ነገር ምን እንደሆነ እንጃ።

የዚህ ሥራ ዋጋ ግን እንደ ሌላው ሥራ በወር አይቆረጥም። በብዙ ቤቶች የአዝማሪው ዋና ገቢ ከእንግዳው የሚያገኘው ሽልማት ነው፤ በአንዳንዶቹም ቤቶች ሽልማቱ በአንድነት ተሰብስቦ ሌሊቱ ሲያልቅ ይካፈሉታል። እንግዳ ከመጣ ይበላል፤ ካልመጣ አይበላም። በዐቢይ ጾም ኀምሳ አምስቱን ቀን ደንበኛው ሲቀንስ የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። ታዲያ በእነዚያ ቀናት አዝማሪውን የሚያስበው ማን ነው? ግንባሩ ላይ ብር የለጠፈለት ወዳጅ ነውን? አይደለም። የሚያስበው ትናንት ሽልማቱን የተካፈለው ባልደረባው፣ ዕቁብ አብሮት የሚጥለው ከበሮ መቺ፣ ሱቅ በዱቤ የሚሰጠው ጎረቤት፣ ልጁን አደራ የሚቀበሉት እማማ ናቸው። አዝማሪው ከነዚህ ሰዎች ጋር ሲሆን ቀልዱ ሌላ ነው፤ ዝምታውም አለ። በሌሊት የማይፈቀድለት ነገር ዝምታ ነውና።

የአዝማሪዎች ባልደረብነት የቆየ ነገር ነው። ብዙዎቹ የሙያው ልጆች ናቸው፤ ጎንደር አጠገብ ያለው ቡርባክስ የአዝማሪዎች መንደር ተብሎ የታወቀ ነው። ከአባት ወደ ልጅ የወረደው መሰንቆው ብቻ አይደለም፤ ባዳ የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። የቋንቋ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው በ1952 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ የአዝማሪዎች ቋንቋ ጽፎ አሳትሟል። ሰዎች በሰው ፊት ለብቻቸው የሚነጋገሩበት ቋንቋ የሚፈጥሩት በምን ምክንያት እንደሆነ አንባቢ ያስብበት። ሁልጊዜ የሚያዳምጣቸው፣ ነገር ግን የማይቀበላቸው ሰው መካከል መኖር ያስተማራቸው ጥበብ ይመስለናል።

ንቀቱ አዲስ እንዳልሆነ ሁሉ የሙያው ኃይልም አዲስ አይደለም። ጠላት አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ግራዚያኒ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ ጠንቋዮችና ዘዋሪ ዘፋኞች እየተያዙ እንዲገደሉ አዝዞ ነበር። መድፍና አይሮፕላን የነበረው ሰው አንድ ጭራ ያለውን መሰንቆ ፈርቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ደርግ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የሰዓት እላፊ ሲያውጅ የከተማዋ ሌሊት ተዘጋ፤ በሌሊት የሚኖር ሰውም እንጀራው ተዘጋ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የአዝማሪ ቤቶች እንደገና በካሳንቺስና በሌሎችም ሰፈሮች በዙ። እንዲህ ያለውን ሁሉ ያለፈ ሙያ ዛሬ በንቀት ዓይን ማየት ታሪክን አለማወቅ ነው።

እርግጥ ነው፣ ከመካከላቸው ስማቸው የከበረ አሉ። አስናቀች ወርቁ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መድረክ ተዋናይት፣ በክራር ደግሞ ወደር የሌላት ድምፃዊት ነበረች፤ በ2004 ዓ.ም. ዐርፋለች። ዛሬ እርሷን የማያወድስ የለም። ነገር ግን የሞተችውን እያወደስን በሕይወት ያለችውን፣ ዛሬ ማታ እዚያው ክራር አጠገብ የምትቆመውን ዘፋኝ በክብር ካላየናት፣ ውዳሴያችን ለሐውልት እንጂ ለሰው አልሆነም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ነገር ይከራከሩናል። «አዝማሪ ለከፈለው ሁሉ ያወድሳል፤ እንዲህ ያለው ሰው ወዳጅ ሊሆን አይችልም» ይላሉ። እኛም እንመልሳለን። ሐኪም ዋጋ ተቀብሎ ያክማል፤ ጠበቃም ዋጋ ተቀብሎ ይሟገታል፤ ስለዚህ ከሥራቸው ውጭ ወዳጅ ሊሆኑ አይችሉም የሚል ሰው አልሰማንም። ማታ በሚዘፍነው ውዳሴ የአዝማሪውን ልብ መለካት፣ በፍርድ ቤት በሚናገረው የጠበቃን ልብ እንደ መለካት ነው። ደግሞስ የሚያወድስ ብቻ ነውን? ሀብታሙን በሰሙ አሞግሶ በወርቁ ሲወጋው፣ የተወጋው ሳያውቅ ሲሸልም ያላየ ማን አለ? ይህን በድፍረት የሚናገር ሰው በየቢሮው ብንፈልግ ስንት እናገኛለን?

ሁለተኛው ክርክር የሚያሳፍር ነው። ዘፋኟ ከእንግዳው አጠገብ ቆማ ስትዘፍን፣ ስትስቅ፣ ትከሻዋን ስታንቀጠቅጥ፣ «ፈቅዳልናለች» የሚሉ አሉ። ፈገግታዋ የሥራዋ ክፍል ነው፤ የገበያ ማስታወቂያ አይደለም። መሰንቆ የሚመታው ሰው ብዙ ጊዜ ባሏ ወይም ወንድሟ ነው፤ ባይሆንም እንኳ የማንም መሆን አይገባትም። በእጇ ላይ ያለ ፈቃዷ የሚያርፍ እጅ፣ ብር ቢይዝም ባይዝም፣ ያው ነውር ነው። የተማረ እጅ ሲሆን ደግሞ ነውሩ ይብሳል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ካሳንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ካሠራበት ድርጅት ስም ነው። ሰፈሩን የራሳችን ያደረገው ግን በኋላ የገባበት ሕዝብ ነው፤ ከዚያም ሕዝብ አንዱ አዝማሪ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ለመልሶ ማልማት ሲባል የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወረ። ከፈረሱት ቦታዎች አንዱ ፈንዲቃ የነበረበት ነው። የቤቱ ባለቤት መላኩ በላይ በዚያው ቤት ደሞዝ ሳይኖረው በሽልማት ብቻ እየጨፈረ፣ ማታም ከመጠጥ መሸጫው ባንኮኒ ሥር እየተኛ የኖረ ጨፋሪ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ተረክቦ በዓለም የታወቀ የጥበብ ማዕከል አደረገው። እንደርሱ ስሙ የተሰማለት ሰው ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ደጋፊም ያገኛል። ስማቸው ያልተሰማው ግን ወዴት ሄዱ?

ከተማ አይታደስ አንልም። የሚያፈስ ጣራና የጭቃ መንገድ የሚናፍቀው የለም፤ እዚያ ያልኖረ ሰው ካልሆነ በቀር። እኛ የምንለው የሚከተለውን ነው። ቤት ሲፈርስ ካሳውም ሆነ ምትኩ የሚታሰበው በክፍልና በካሬ ሜትር ነው። ልጅ አደራ የሚቀበሉት እማማ፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፣ ዕቁቡና ዕድሩ ግን በካሬ ሜትር አይለኩም። ለደመወዝተኛው ጎረቤት ጥሩ ነገር ነው፤ ለአዝማሪው ግን ጎረቤት ማለት ጡረታው፣ መድኑና የሕፃናት ማቆያው ነው። አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ ዳርቻ ሲዛወር፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሥራ የጨረሰች ሴት ወደ ቤቷ የምትገባበት ታክሲ የለም። እንግዲህ የተበተነው ወዳጅነት ነው፤ ይህም ወዳጅነት እንጀራ ነበር።

ምን እናድርግ? ሰፈር መመለስ በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው ትንሽ ነው፤ ትንሹን ግን ከነገ ጀምሮ ማድረግ እንችላለን።

አንደኛ፣ አነጋገራችንን እናርም። የአባታችን እኩያ የሆነውን ሰው «አንተ አዝማሪ፣ ና ወዲህ!» ብሎ የሚጠራ ተማሪ፣ በቤቱ ቢሆን ኖሮ «ጋሼ» ይል ነበር። ብር መክፈል ከእርስዎ ወደ አንተ መውረጃ ፈቃድ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን በየዓመቱ ለበዓሉ የሙዚቃ ጓድ ሲጠራ አዝማሪዎችን በቀን ይጥራ፤ ዋጋውንም አስቀድሞ ተስማምቶ፣ በወረቀት ፈርሞ ይክፈል። ሽልማት የሚሸልም ይሸልም፤ ደመወዝ ግን በሸላሚው ስካር ላይ አይንጠልጠል። ሦስተኛ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የዩኒቨርሲቲያችን ክፍል ነው፤ መሰንቆም ይማሩበታል። መሰንቆውን በክፍል ውስጥ አክብሮ መሰንቆ መቺውን በመንገድ ላይ መናቅ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ስለሆነ፣ የሥነ ጽሑፍም ሆነ የሙዚቃ ተማሪዎች የአዝማሪዎችን ግጥም ሲጽፉና ሲያጠኑ የገጣሚውን ስም፣ በፈቃዱ፣ አብረው ይጻፉ። «ያልታወቀ አዝማሪ» ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው፤ ሰውየው ስም አለው፤ ስሙንም ቢጠይቁት ይናገራል።

አራተኛውና የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ማታ ያቀፍነውን ሰው ቀን ስናገኘው ቆመን እጅ እንንሣ። ልጆቹ ደኅና እንደሆኑ፣ ወዴት ሰፈር እንደ ተዛወረ፣ ሥራ እንዳገኘ እንጠይቀው። እርሱ የኛን ስም፣ የአባታችንን አገር፣ የምንኮራበትንና የምናፍርበትን አውቆ በዜማ ነግሮናል። እኛ ግን ስለርሱ አንዲት ነገር ሳናውቅ ወዳጅ ነን ብንል፣ ያ ወዳጅነት ግንባር ላይ እንደ ተለጠፈው ብር ላቡ ሲደርቅ የሚወድቅ ነው እንላለን።