ቁም ሳጥን ላይ ያለችው የኩባ ሳጥን

እዚሁ ነቀምቴ፣ በጎረቤታችን ቁም ሳጥን ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተቀመጠች አንዲት የሲጋር ሳጥን ሰሞኑን ቤቱን ስታነታርክ ሰነበተች። ትልቁ ልጅ «አባ፣ ይሄ እኮ ዛሬ የማይመረት ነው፤ ውጭ አገር በዶላር ይፈለጋል፣ እንሽጠው» ይላል። እናት ደግሞ «ብቻ ከነሽታው ከቤቴ ይውጣልኝ» ባይ ናቸው።

አባት ዝም ብለዋል። በ1971 ዓ.ም. በጦርነቱ ወላጆቻቸውን አጥተው ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ናቸው። «የወጣቶች ደሴት» በሚባለው ስፍራ ግማሽ ቀን እየተማሩ፣ ግማሽ ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ እየሠሩ አደጉ። በ1980 ሲመለሱ ሳጥኗ ሻንጣቸው ውስጥ ነበረች።

ነገሩን እንዳጣራ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ልጁ ጨርሶ አልተሳሳተም። ዚኖ ዳቪዶፍ ሃቫና ውስጥ በስሙ ይሠራ የነበረውን ሲጋር ከኩባውያን ጋር ተጣልቶ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ካዞረ ወዲህ፣ የኩባው ዳቪዶፍ በሰብሳቢዎች ዘንድ ብርቅ ሆኗል። ሲጋር እንደ ቴምብር አይደለም፤ አንዱ በተጨሰ ቁጥር የቀረው ይወደዳል።

ዕድሜው የሚታወቀው ሳጥኑን ገልብጦ ነው። ከአብዮቱ በፊት በእንግሊዝኛ «ሜድ ኢን ሃቫና» ይባል ነበር፤ በኋላ «ኤቾ ኤን ኩባ» ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1985 «ኩባታባኮ» የሚለው ምልክት ተጨመረ፤ በ1989 «ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሠራ» የሚል የስፓኒሽ ጽሑፍ መጣ፤ በ1994 ኩባታባኮ ቀርቶ «አባኖስ» ተተካ። የኛዋ ሳጥን ላይ ኩባታባኮ አለ፣ የ1989ኙ ጽሑፍ የለም። የሰውዬው ታሪክና ማኅተሙ ይገጥማሉ።

ችግሩ ሌላ ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተከፈተ ሳጥን ነው። ከሃያ አምስቱ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ እነሱም ደርቀው ሲነኳቸው እንደ ጭድ ይንኮሻኮሻሉ። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። የነቀምቴ ክረምት ያሻግተዋል፣ በጋው ይሰነጥቀዋል። (ቤታችሁ እንዲህ ያለ ካለ ከፀሐይና ከቴሌቪዥን ጀርባ አርቁት። ማጨሱን ግን ይቅርባችሁ።)

«ሃያ ሁለቱን ማን ጨረሳቸው?» አለ ልጁ፣ ቅር ብሎት።

ያኔ አባት ተናገሩ። አብረዋቸው ያደጉት ጓደኞች በተገናኙ ቁጥር አንድ አንድ እየተለኮሰ፣ በስፓኒሽ እየተጨዋወቱ ነው ያለቀው። አዲስ አበባ፣ ጊምቢ፣ አንዴ ደግሞ ለቅሶ ቤት በራፍ ላይ። ሲያጨሱ እንኳ እየተቀባበሉ ነው፤ አንዱን ለአምስት።

ልጁ ስለ ዋጋ መጠየቁን ተወ። እነማን እንደነበሩ ይጠይቅ ጀመር። አባት የአሥራ አንዱን ስም ጠሩለት፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆም አሉና ሳጥኗን ከእጄ ተቀበሉኝ። እናትም ከዚያ ወዲያ ስለ ሽታው ምንም አላሉም፤ በረንዳ ላይ ይጨስ ብቻ አሉ።