ጎብኚ አይበቃም፤ ጠያቂ ነው የጠፋው

ገናና ፋሲካ ሲቃረብ በወጣት ኅብረቶቻችን ዕቅድ ላይ አንድ መስመር አይጠፋም፦ «ወላጅ አልባ ሕፃናትን መጠየቅ»። አውቶቡስ እንከራያለን፤ ብስኩትና ለስላሳ እንጭናለን፤ ሁለት መዝሙር ዘምረን፣ ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። በሳምንቱ ሪፖርት ይቀርባል፤ ጉባኤው ያጨበጭባል። ወገኖቼ፣ ይህን አገልግሎት ብሎ መጥራት ይብቃን።

ያዕቆብ በምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ስለ ንጹሕ አምልኮ ሲናገር በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን የተቀመጠው ቃል «መጠየቅ» ነው። እኛ «ጠያቂ የሌለው» የምንለው ማንን ነው? እንግዳ ያልመጣበትን አይደለም። ሲበደል «ለምን?» የሚልለት፣ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲጠፋ የሚፈልገው የሌለውን ነው። በዓመት አንድ ቀን ብቅ የሚል ሰው ጎብኚ እንጂ ጠያቂ አይደለም።

መርዶክዮስን ተመልከቱ። እናትና አባት የሌላትን አስቴርን ወስዶ አሳደጋት። ቤተ መንግሥት ከገባች በኋላ እንኳ ደኅንነቷን ለማወቅ በየቀኑ በግቢው ፊት ይመላለስ ነበር። ጠያቂ ማለት ይህ ነው።

ደግሞስ አውቶቡሱ የሚሄደው ወዴት ነው? ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከወላጅ አልባ ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የያዟቸው ዘመዶቻቸው ናቸው። ኤድስ እናቱን የወሰደበት ልጅ በአብዛኛው ያለው አያቱ ቤት ነው፤ ምናልባትም ከጸሎት ቤታችን አጥር ጀርባ። ያዕቆብ ወላጅ የሌለውን ልጅና ባልቴቲቱን አብሮ ጠራቸው፤ በእኛ ሰፈር ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ።

ከቫይረሱ ጋር የተወለደ ልጅ መድኃኒቱን በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ መውሰድ አለበት። መድኃኒቱ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ወደ ጤና ተቋሙ የሚያደርሰው የታክሲ ሂሳብና በቤት የሚጠብቀው እንጀራ ግን በነፃ አይመጡም። የሟች እናቱን ቤት ዘመድ ሊወስድበት ሲነሣ፣ ሕግ የተማርሽው እህቴ፣ የወራሽነት ማረጋገጫውን ይዘሽ ከጎኑ ቁሚ። በእምነት ስም «ተፈውሰሃል፤ መድኃኒቱን ጣል» የሚለውንም ሰው «ማን ፈቀደልህ?» ብሎ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው። ልጁን መድረክ ላይ አቁሞ «የኤድስ ወላጅ አልባ» ብሎ ማስተዋወቅ ግን መርዳት ሳይሆን ምስጢሩን መዝረፍ ነው።

«ከምንም ይሻላል፤ ልጆቹ እኮ ይደሰታሉ» ትሉኝ ይሆናል። መደሰታቸውን አልክድም። ነገር ግን እናቱ ሄዳ የቀረችበት ልጅ፣ መጥቶ የሚሄድ ሌላ ሰው አያስፈልገውም።

«ይህ የድርጅቶች ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። ፕሮጀክት የጊዜ ገደብ አለው፤ በጀቱ ሲያልቅ ይዘጋል። ልጅ ግን በሦስት ዓመት አድጎ አያልቅም። በአዲስ አበባ ለቀብር የተቋቋሙ ዕድሮች እንኳ የሟች አባሎቻቸውን ልጆች መርዳት ችለዋል። የትንሣኤን ጌታ የምንሰብክ እኛ ከዕድር እንነስ?

ስለዚህ የዘንድሮው አውቶቡስ ይቅር። እያንዳንዱ ኅብረት በእግር የሚደረስባቸውን ሦስት ቤቶች ይምረጥ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ በየሳምንቱ ሂዱ፤ መጀመሪያ የጎደለውን ከአያቲቱ አፍ ስሙ። የአውቶቡሱን ኪራይ ለደብተር፣ ለዩኒፎርምና ለታክሲ አውሉት። ካሜራውን ቤት ተዉት። ሪፖርት ማቅረብም አያስፈልግም፤ በዓመቱ ልጁ ስማችሁን ጠርቶ ከተቀበላችሁ ይበቃል።