ካባው ተደፍኗል፤ መሬቱስ?

በአዲስ አበባ «ልማት ሲመጣ ሁሉም ይጸዳል» የሚል እምነት ሰፍኗል። በየካ ኮረብታዎችና በኮተቤ አካባቢ ድንጋይ ሲወጣባቸው ኖረው የተተዉ ካባዎች ግን ይህን እምነት አይደግፉም።

ድንጋዩ ሲያልቅ ወይም ሰፈሩ ሲጠጋ ፈንጂው ጸጥ ይላል፤ ገደሉ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል፤ እንዲህ ባሉ ጉድጓዶች ልጆች መስጠማቸው የየዓመቱ ዜና ነው። ስለዚህ «ይደፈን!» ይባላል። በምን? ይህን የሚጠይቅ የለም። ገልባጭ መኪና የሕንፃ ፍርስራሽ ይደፋል፤ የቤት ቆሻሻ፣ ከጋራዥ የወጣ የተቃጠለ ዘይት፣ አሮጌ ባትሪ ይከተላል። በመጨረሻም ቀይ አፈር ይለብስና በግሬደር ይደለደላል፤ ቢበዛ ችግኝ ይተከልበታል። በቃ፣ «ለልማት ዝግጁ» ሆነ።

ካባ ግን ድስት አይደለም። ፈንጂ ያናጋው ዓለት ስንጥቅጥቅ ስለሆነ የዝናቡ ውሃ ዘይቱንና የባትሪውን እርሳስ አጥቦ ወደ ከርሰ ምድር ሊያሰርግ፣ ከእንጦጦ ወደሚወርዱት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች፣ በእነሱም ወደ አቃቂና አዋሽ ሊያደርስ ይችላል። በአቃቂ ዳር በሚለማ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ጣት የሚቀሰረው በፋብሪካዎች ላይ ነው፤ ተገቢም ነው። የተደፈነውን ጉድጓድ ግን ማን መረመረው?

የተከመረ ቆሻሻ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ መጣያ የተናደው ክምር ከ110 በላይ ሰዎች ገድሏል። ቆሼ ካባ አልነበረም፤ ሆኖም የሚበሰብስ ነገር ከአፈር በታችም ይሰምጣል፣ ሚቴን ያመነጫል፤ ጋዙ ወደ ሕንፃ ምድር ቤት መንገድ አያጣም።

ለዚህ ሁሉ ማን ይጠየቃል? በ2010 ዓ.ም. የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ የታገደው ነዋሪዎች ብክለት ጤናችንን ጎዳ ብለው አደባባይ ከወጡ በኋላ ነው። እዚያ ቢያንስ የሚጠየቅ ባለፈቃድ ነበር። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 አካባቢን መልሶ ማቋቋምን የባለፈቃዱ ግዴታ አድርጎታል። በማኅበር ተደራጅተው ከካባ ድንጋይ የሚያወጡት ወጣቶች ግን ድንጋዩ ሲያልቅ ይበተናሉ፤ ግዴታውም አብሮ ይበተናል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ፎቅ ከመቆሙ በፊት አፈሩ ተቆፍሮ ክብደት መሸከሙ ይፈተሻል። በዚያው ጉድጓድ እርሳስ፣ ዘይትና ሚቴንም ይለኩ፤ ውጤቱም ከሊዝ ጨረታው ሰነድ ጋር ይያያዝ። የጽዳቱ ወጪ ከድንጋዩ ሽያጭ ላይ ገና ፈቃዱ ሲሰጥ ጀምሮ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ማኅበሩ ከፈረሰ በኋላ ከማን ይሰበሰባል?