በዲግሪ ትምህርት ላይ ተግባቦትን ስለ መጨመር

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከዋናው ትምህርቱ ጋራ ሌላ ንኡስ ትምህርት ደርቦ መያዙ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ቀድሞ በባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ይማር የነበረ ሰው አንዱን ትምህርት ዋና፥ ሌላውን ንኡስ አድርጎ ይመረቅ ነበር። አሁን ሊታሰብበት የሚገባው እርሻን፥ የመሬት አስተዳደርን፥ ምሕንድስናን ወይም ጤናን ለሚማረው ወጣት ተግባቦትን፥ ማለት ሐሳብን አስተካክሎ የመናገርን፥ የመጻፍንና የሌላውን ቃል የማዳመጥን ትምህርት፥ በንኡስነት መጨመር ነው።

ይህን ሐሳብ እንደ ትርፍ ጌጥ የሚቈጥር ቢኖር የሞጣንና የቢቸናን ታሪክ ይመልከት። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አሥራትን አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል ዐዋጅ ባወጣ ጊዜ፥ ዐዋጁ እንደ ቃሉ ሲነበብ የሰብሉን ገቢ እንጂ ርስቱን የሚነካ አልነበረም። ነገር ግን በሞጣና በቢቸና፥ በዳሞትም ለገበሬው የተሰማው ሌላ ነው፤ መሬቱ ሊለካ ነው፥ ቃላድ ሊጣልበት ነው፥ ከአባት የወረደው ርስት ሊወሰድ ነው ተባለ። ገበሬው መሣሪያውን ይዞ ተነሣ፤ ጦር ተላከ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም አገረ ገዥው ከሥፍራው ተነሣ፥ ውዝፉም ግብር ተማረ፤ መንግሥትም ከጎጃም አገኛለሁ ያለውን ገቢ ሳያገኝ ቀረ።

ያ ሁሉ ጥፋት ከአነጋገር ጉድለት ብቻ መጣ ማለት ግን ገበሬውን ማሳነስ ይሆናል። ከሹማምንቱ የደረሰበት በደል እውነተኛ ነበር፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ያማረ ንግግርም በደልን አይሽርም። ዳሩ ግን ዐዋጁን ተሸክሞ የሄደው ሹም የገበሬውን ጥያቄ አዳምጦ ወደ በላይ የሚያደርስ ቢሆን ኖሮ፥ ጥርጣሬው ጠመንጃ ሳያስነሣ አስቀድሞ በአዲስ አበባ በታወቀ ነበር። ተግባቦት የሚባለው ትምህርት እኩሌታው ይህ ነው፤ ብዙዎች ግን አፈ ጮሌነት ብቻ ይመስላቸዋል።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የገበሬው ይዞታ ተመዝግቦ ደብተር ሲሰጠው፥ ሥራው በየቀበሌው ሕዝቡ ራሱ በመረጣቸው የመሬት ኮሚቴዎች አማካይነት ተካሄደ። ዘመኑም ሕጉም ተለውጦ ነበርና ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ መጣ አይባልም፤ የድንበር ሙግትም አልጠፋም። ሆኖም በ1960 ዓ.ም. ልኬታን በጥይት የከለከለው አገር መዝገቡን ከሚያውቀው ሰው እጅ ተቀበለ።

ዛሬ የመሬት አስተዳደር በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ተመራቂው ካርታ ማንሣትን፥ ሕግ መጥቀስን ያውቃል። የተማረው በእንግሊዝኛ ነውና ግን ያንኑ ለአንድ አዛውንት ገበሬ በአማርኛ አስረዳ ቢባል ቃሉ ይጠፋበታል፤ ግማሹን በፈረንጅ አፍ ሲናገር ሰሚው በትሕትና አንገቱን ይነቀንቃል፥ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የያዘው ነገር የለም። በአንደኛው ዓመት የሚሰጠው የእንግሊዝኛ የመናገርና የመጻፍ ትምህርት ተማሪውን ለክፍሉ እንጂ ለሞጣ ገበያ አያዘጋጀውም። ስለዚህ ንኡሱ ትምህርት በአማርኛ፥ ሌላ ቋንቋ በሚነገርበትም አገር በዚያው ቋንቋ የማይሰጥ ከሆነ ባይጀመር ይሻላል።

መናገር ተሰጥዎ ነው፥ በትምህርት አይገኝም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይህን በጎጃም የተማረ ካህን አይቀበለውም። በቢቸና አጠገብ እንዳለው እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ በደረጃ ይወጣል። ብቻውን ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል፥ ሰሙና ወርቁ ያልተስማማውን ያፈርስበታል። የትናንቱን መድገም አይፈቀድለትምና በነጋው አዲስ ይዞ ይመጣል። ኋላ አምባሳደርና ሚኒስትር የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ያለፉት በዚህ ሥርዐት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከዚህ የሚወስደው ግእዙን ሳይሆን በሰው ፊት ተናግሮ በሰው ፊት መታረምን ነው። ተማሪው ስለ ተግባቦት ልዩ ልዩ ትርጓሜ አጥንቶ የሚመልስ ብቻ ከሆነ ግን ድካሙ ለወረቀት ነው።

የሚያሠጋ ሌላ ዕንቅፋት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፥ ፈተናውም የሚመዝነው ዋናውን ትምህርት ነው፤ ተማሪም የማይመዘንበትን አያጠናም። ስለዚህ የትምህርት ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎቹ ንኡሱን ትምህርት ከመጨመራቸው በፊት መመዘኛውን ይቍረጡ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ተማሪው ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ቀበሌ ወርዶ ከሙያው አንድ ነገር ለተሰበሰበው ሕዝብ ያስረዳ። ከዚያ መምህሩ ተማሪውን ሳይሆን ከሰሚዎቹ ሁለት ሦስት ሰው ጠርቶ የሰሙትን በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ ያድርግ። ከሕዝቡ የተነሣውን ጥያቄ ሳይለውጥ ጽፎ ያላመጣ ተማሪ ደግሞ፥ ንግግሩ ያማረ ቢሆንም፥ እንደ ወደቀ ይቈጠር።