በፕሌይስቴሽን ቤት ላይ የቀረበው ክስ

የወላጆች ስብሰባ በተጠራ ቁጥር፣ በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ፣ አንድ ክስ ሳይነሣ አይቀርም። ተማሪው ሳያጠና ከመጣ፣ ከሰልፍ ከቀረ፣ ለታላቅ ካልታዘዘ፣ ጥፋተኛው አስቀድሞ ታውቋል፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ክሱ ከመደጋገሙ የተነሣ ማስረጃ የሚጠይቅ ጠፍቷል።

በመሠረቱ ተከሳሹ ማን ነው? በ1980ዎቹ መጨረሻ የተወለደው የአዊ ልጅ ከኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው ያደገው። አስቀድሞ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ ጡብ የምታስደረድር የእጅ መጫወቻ አገኘ። ቀጥሎ በታላቅ ወንድሙ የኖኪያ ስልክ ላይ እባብ አሳደገ። ከዚያ ወዲያ ፕሌይስቴሽን መጣ። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ሁለተኛውን ትውልድ ደግሞ በ2000 ለገበያ ሲያቀርብ ያሰበው ለአንድ ቤተሰብ ሳሎን ነበር። በዳንግላ ግን በአንዱ መሣሪያ ሰፈሩ ሁሉ ተጫወተበት። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈው ይነሣል፣ ያሸነፈው ይቆያል፣ ተራ ጠባቂው ከኋላ ቆሞ ይዳኛል፣ ያሾፋል፣ ያስተምራል። ዕቃውን ገዝቶ ቤቱ ሊያስገባ የማይችለው የገበሬ ልጅ ከነጋዴው ልጅ ጎን በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል። ብልሹነቱን ያየ ዐይን ማኅበርነቱንም ሊያይ ይገባው ነበር።

ይህ ሲባል ቤቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የትምህርት ሰዓት የሚሰረቅበት፣ በውጤት ላይ ገንዘብ የሚያወራርዱበት ቤት መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ውርርድ ሌላ በሽታ ነው። በብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ፈቃድ በየከተማው የተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ቤት የወጣቱን ኪስ በደረሰኝ ሲያራግፍ ድምፁን ያላሰማ ተቆጪ፣ በጥቂት ብር ኳስ በሚያጫውተው ምስኪን ላይ ሲጮኽ ሚዛኑ የት እንደ ጠፋ ራሱን ይጠይቅ። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተካሄደው ግጭት ሳቢያ የእጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘግቶ ከርሟል። ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ፕሌይስቴሽን ቤት ዋለ ብሎ ለመክሰስ፣ በመጀመሪያ የሚቀርበት ትምህርት ቤት ክፍት መሆን አለበት።

እውነተኛው ጥያቄ ልጁ መጫወቱ ሳይሆን የሚጫወተው ምን እንደ ሆነ ነው። ኪነ ጥበብን በቅርጽና በይዘት መመርመር የለመደ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ልጁ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ ሲወጣ የኖረውን የእግር ኳስ ጨዋታ (ኩባንያው በ2023 ስሙን ቢለውጠውም ተራ ጠባቂው ዛሬም ፊፋ ነው የሚለው) ሲጫወት የማድሪድንና የማንቸስተርን አሰላለፍ በቃሉ ይይዛል። ፈረስ ቢጋልብም የአሜሪካ ከብት ጠባቂ ሆኖ ነው። በዚያው በእንጅባራ ግን፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ከተማዋን በተሸለሙ ፈረሶች ያጥለቀልቃታል። ጉግሱ፣ የፈረሱ ጌጥ፣ የዓድዋ ዝክር፣ የሰባት ቤት አገው ትውፊት፣ ይህ ሁሉ ለጨዋታ ደራሲ የተነጠፈ ሀብት ነው። በቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ አንዱም የለም። ለዚህ ተጠያቂው ልጁ አይደለም፤ ባህልን በዓመት አንድ ቀን አደባባይ አውጥቶ በቀረው ጊዜ ሣጥን ውስጥ የሚቆልፈው አሠራር ነው።

‹‹መሣሪያው የለም፤ ገንዘቡም የለም›› የሚለው መልስ ከአሁኑ ይሰማል። ያቺ ጡብ የምታስደረድረው ጨዋታ፣ ቴትሪስ፣ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ፣ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ነው። ደራሲዋ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሠራባት ኤሌክትሮኒካ 60 ሥዕል የማሳየት ችሎታ እንኳ ስላልነበራት ጡቦቹን ከቅንፍ ምልክት አበጃቸው። (የፈጠራው መብት በመንግሥት እጅ ስለ ነበር ከሽያጩ ገቢ ማግኘት የጀመረው ከ12 ዓመት በኋላ መሆኑን የባህል ተቋማት ኃላፊዎች ልብ ቢሉት መልካም ነው።) በአገር ቤትም ዳዊት አብርሃም አዲስ አበባ ላይ የመሠረተው ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ ‹‹ኩኩሉ›› በተሰኘ ጨዋታ በእጅ ስልክ ላይ አሩጧል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ገበጣ ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጣው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን ብዙ ዓይነቶቹን ከነሕጋቸው መዝግቧል። ሕግ አውጥቶ ማጫወት፣ እንግዲህ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ አይደለም።

ስለሆነም በሩን ለማሸግ የሚሰናዳው ኮሚቴ ከማኅተሙ በፊት ሌላ ሥራ አለበት። የኪነት ቡድን ሲቋቋም ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥና ገጣሚ ይመለመላል፤ የጨዋታ ደራሲ የሚባል ባለሙያ ግን በመዝገቡ ስም የለውም። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። በፕሌይስቴሽን ቤቱ ውስጥ ደግሞ የትኛው ጨዋታ ለምን እንደሚያሰለች፣ የትኛው ለምን እንደሚያስመሽ በዐሥር ደቂቃ የሚያስረዱ ልጆች ተቀምጠዋል። ፈረሰኛው፣ ሠዓሊውና የኮምፒዩተር ተማሪው ከእነርሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ፤ አዊኛ የሚናገር ፈረሰኛም ጥር 23 ቀን በአደባባዩ ዳር፣ በአንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ይጋልብ። ተራ ጠባቂ አይጠፋም።