ስለ አሮጌ የጀልባ ሞተር መጠገን

በማጂ አገር፥ በቱም የሚያድግ ልጅ መርከብ አይቶ አያውቅ ይሆናል። የወፍጮ ሞተር ድምፅ ግን አጥብቆ ያውቃል። እናቱ በቆሎውን አስይዛ ወደ ወፍጮ ቤት በላከችው ቀን፥ ቱክ ቱክ የሚለውን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እርምጃውን ያፈጥናል። ድምፁ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ያዝናል፤ እህሉን እንደ ተሸከመ ወደ ቤቱ ይመለሳል፥ ወይም ሞተሩ እስኪጠገን ድረስ በደጅ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ይኸው የናፍጣ ሞተር በሌላ ስፍራ ጀልባ ይነዳል። በወፍጮ ቤት ሲቆም እራት ይዘገያል፤ በሐይቅ መካከል ሲቆም ግን ሰው በማዕበል ላይ ይቀራል። ስለዚህ የጀልባ ሞተር የሚጠግን ሰው ከወፍጮው ጠጋኝ ይልቅ እጥፍ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

በጣና ሐይቅ ዳርቻ ያለችው ዘጌ እንደ ሚዛን ተፈሪና እንደ ቴፒ የቡና አገር ናት። ቡናዋም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚሄድ ሰው በውኃ ላይ ቢሄድ መንገዱ ያጥርለታል። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ይሻገር ነበር፤ ዛሬም ይሻገራል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎች በጣና ላይ ይመላለሱ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደቅ ደሴትና በቁንዝላ በኩል እስከ ጎርጎራ የሚደርስ የጀልባ ጉዞ የታወቀ ሆነ። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፥ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ያስፈራል። ለመስጠምም 14 ሜትር አያስፈልግም።

የምዕራቡም ቡና በአንድ ዘመን በውኃ ተጉዟል። አፄ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት በጋምቤላ የንግድ ሰፈር ተቋቋመ፤ ቡናው በበቅሎ ተጭኖ እስከዚያ ወርዶ፥ በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። የእንፋሎት መኪና ግን ትልቅ የውኃ ጋንና ብዙ ማገዶ ይፈልጋል፤ ለትንሽ ጀልባ አይመችም።

ትንሹን ጀልባ የጠቀመው የጀርመኑ መሐንዲስ የሩዶልፍ ዲዝል ሥራ ነው። እርሱ በ1897 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ከተማ ያሳየው ሞተር የእሳት ብልጭታ አያሻውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ እጅግ ይግላል፤ በዚያን ጊዜ ናፍጣው እንደ ጉም ተረጭቶ ሲገባ ከግለቱ የተነሣ በራሱ ይነዳል፥ ፒስተኑንም ይገፋዋል። በ1912 እ.ኤ.አ. ሴላንድያ የተባለች የዴንማርክ መርከብ በዚህ ዓይነት ሞተር ውቅያኖስ ተሻገረች። ዲዝል ራሱ በ1913 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ሌሊት ከመርከብ ላይ ጠፋ፤ የተሳፈረባት መርከብ ግን በእንፋሎት የምትሄድ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ በባሕር ላይ በሸራ የሚሄዱ ጀልባዎች እንኳ ትንሽ የናፍጣ ሞተር በሆዳቸው ይይዛሉ። ነፋስ ሲያቆም ወይም ወደ ወደብ ሲገቡ ያስነሡታል፤ በቀረው ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ሞተር ከሥራ ይልቅ በመቀመጥ ያረጃል፤ እርጥበትና ጨው ይበላዋልና። ሆኖም ሞተሩ እንቢ ሲል ሸራው ይቀራል። ሸራ የሌለው የጣና ጀልባ ግን ሞተሩ ከቆመ በኋላ ከመቅዘፊያ በቀር ምን አለው?

ስለ አሮጌ ሞተር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይሳሳታሉ። አንዱ «እየሠራ ሳለ አትንኩት» ይላል፤ እስኪሰበርም ድረስ አይከፍተውም። ሁለተኛው ደግሞ ሞተሩ ጥቂት በደከመ ጊዜ ቶሎ «ኃይል እንጨምርለት» ይላል። የፊተኛው ሰው ስንፍናውን ጥንቃቄ ብሎ ይጠራዋል። የኋለኛው ግን ትጉህ ነው፤ ትጋቱ ግን በቦታው አይደለም። አሮጌ ሞተር አስቀድሞ የሚታመን መሆን አለበት፥ ብርቱ መሆኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የመታመን መጀመሪያው ንጹሕ ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚረጭበት የኖዝል ቀዳዳ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነ ነውና ጥቂት አቧራ ወይም ጥቂት ውኃ ያበላሸዋል። ናፍጣው ከበርሜል ወደ ጀሪካን፥ ከጀሪካን ወደ ጀልባው ሲገለበጥ በየጊዜው እድፍ ይከተለዋል። ደግሞም የናፍጣው ማስቀመጫ በጎደለ መጠን በላዩ የሚቀረው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ያወጣል፤ ጤዛውም ከናፍጣው ይከብዳልና ከሥር ይተኛል። ጀልባው በማዕበል ሲናወጥ ያ ከሥር የተኛው ውኃና ዝቃጭ ይነሣል፥ ወደ ሞተሩም ይሳባል። ብዙ ጀልባ በመልካም ቀን ደኅና ሄዶ በማዕበል ቀን የሚቆመው ስለዚህ ነው፤ ሰው ግን ማዕበሉን ይረግማል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ናፍጣው ሲቀዳ በጨርቅ ይጠለላል፤ ማታ ጀልባው ሲታሰር ማስቀመጫው ሞልቶ ያድራል፤ ፊልትሮውም በጊዜው ይለወጣል። ከሥሩ የብርጭቆ ጽዋ ያለው ሁለተኛ ፊልትሮ ቢጨመር ደግሞ እጅግ ይጠቅማል፤ ውኃው በጽዋው ተጠራቅሞ በዓይን ይታያልና በማለዳ ይደፋል። ለአሮጌ ሞተር ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የገዛው ሰው ግን የሚያሳየው ነገር የለውም፤ ጀልባው አልፈጠነም፥ ድምፁም አላማረም። ብዙዎች የማይገዙትም ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ውኃ ይመጣል። የጀልባ ሞተር ውኃ ከሐይቁ ስቦ ይቀዘቅዛል። የጣና ውኃ ጨው የለበትም፥ በክረምት ግን ደለል ይሞላዋል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እንቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ታይቷል፤ ሥሩ እንደ ፀጉር የተንጨባረረ ነው፤ የውኃውን መግቢያ ይደፍናል፥ በፕሮፔለሩም ላይ ይጠመጠማል። የውኃው ፓምፕ ክንፎች ከጎማ የተሠሩ እንደ ሆነ ያለ ውኃ ጥቂት ደቂቃ ቢዞሩ ይቃጠላሉ። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል የላይኛው ክዳኑ፥ ሜካኒኮች ቴስታታ የሚሉት፥ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመግቢያው ላይ የሚከፈትና የሚጠረግ ወንፊት፥ በነጂውም ፊት ግለትን የሚያሳይ መሣሪያ ሊኖር ይገባል። ግለቱ ሲበዛ የሚጮኽ ደወል ቢታከልበት ይልቅ ይሻላል፤ ነጂ ዓይኑን ከማዕበሉ ላይ ማንሣት አይችልምና።

ከዚህ በኋላ ስለ ኃይል መናገር ይቻላል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተኝቷል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ሳስቶ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ያህል ይጎድለዋል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የመጣ ሞተር በወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ኃይል በጣና ላይ ሁሉን አይሰጥም። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተሩ የሰነፈ መስሎት የናፍጣውን መጠን ይጨምርበታል። አየሩ ግን አልጨመረም፤ ስለዚህ ትርፉ ናፍጣ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፥ ሞተሩም ይግላል። ደግሞም በውኃ ውስጥ ተኝቶ የሚሄድ ከባድ ጀልባ ፍጥነቱ በርዝመቱ ይወሰናል፤ እጥፍ ኃይል ቢሰጡት ትልቅ ማዕበል ያስነሣል እንጂ እጥፍ አይሮጥም።

አሮጌ ሞተር ከመከፈቱ በፊት ራሱ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ናፍጣ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን፥ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መንደዱን ያመለክታል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። ፋሻ የተባሉት የፒስተኑ ቀለበቶች ካለቁ ሞተሩ በማለዳ ለመነሣት ይቸገራል። እነዚህን ምልክቶች ያስተዋለ ሜካኒክ የታመመውን ስፍራ ብቻ ይከፍታል፤ ያላስተዋለ ግን ሁሉን ይፈታታል፥ ሲገጥምም ጥቂት ብሎን ይተርፈዋል።

በጀልባው ላይ ደግሞ አንድ ደብተር ሊኖር ይገባል። ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፥ ዘይቱና ፊልትሮው መቼ እንደ ተለወጠ፥ የጭሱም ቀለም በየትኛው ወር እንደ ተለየ በእርሱ ይጻፋል። ባለቤቱ መጻፍ ባይችል ልጁ ይጽፍለታል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ደብተር የሌለው ጀልባ ቡና ይጫን እንጂ ሰው ባይጭን ይሻላል። ይህ ቃል ለአንዳንድ ባለቤት ከባድ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ተሳፋሪው ሲገባ ስለ ሞተሩ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም፤ ሴቲቱ ሕፃኗን አዝላ፥ ሽማግሌውም በትሩን ይዞ የሚገቡት ባለቤቱን አምነው ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ድሃ ባለ ጀልባ ብዙ ነው። ግን ፊልትሮ ባለመግዛቱ የቆጠበው ገንዘብ፥ ጀልባው ባልሄደበት በአንድ የገበያ ቀን ይጠፋል። አሮጌውን መጠገን ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ ከመግዛት ይሻላል። አሮጌው ሞተር ከባድና ዝግተኛ ነው፤ ቢሆንም የአገር ሜካኒክ በቁልፍና በካቻቢቴ ሊፈታው ይችላል። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ግን ሕመማቸውን ለኮምፒዩተር ካልሆነ አይናገሩም።

ይሁን እንጂ ጥገና መጨረሻ አለው። የሞተሩ ዋና አካል ከተሰነጠቀ፥ ወይም መለዋወጫው ከማንም ዘንድ ከታጣ፥ ባለቤቱ ለብረት ማዘን የለበትም። ሲሊንደሩ ጥቂት በመበላቱ ብቻ የደከመ ሞተር ደግሞ ከጀልባ ይወጣል እንጂ አይጣልም። በየብስ ላይ በሲሚንቶ መሠረት ይታሰራል፥ የማቀዝቀዣ ውኃው ከበርሜል ይሰጠዋል፥ በቀበቶም ከወፍጮ ድንጋይ ጋር ይጋጠማል። በዚያም ቱክ ቱክ እያለ ብዙ ዓመት በቆሎ ይፈጫል፤ አንዳንድ ቀን ቢቆምም ልጆቹ እህላቸውን ይዘው በደጅ ይጠብቁታል።