ሰውን የሚመዝን ሰው

ወጣቶች ሆይ! በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ የሰው ሀብት አስተዳደር የምትማሩ ሁሉ፥ ነገ የብዙ ሰው እንጀራ በእጃችሁ ይገባል። ስለዚህ ከፎርሙና ከመዝገቡ አስቀድሞ ሰውን ያለ አድልዎ መመዘን ልትማሩ ይገባችኋል።

አንዳንዶች ግን «ዘመድ ይታመናል፤ ባዳ ያስቸግራል» ይላሉ። ይህ ክርክር ከንቱ ነው። ዘመድ ያጠፋ እንደ ሆነ ማን ይቀጣዋል? ባዳስ ተግቶ ቢሠራ ማን ያመሰግነዋል? የአድልዎ መሥሪያ ቤት ሰነፉን ያቀማጥላል፤ ትጉሁን ያባርራል።

ኦነሲሞስ ነሲብን አስቡ። በሕፃንነቱ ተሰርቆ በባርነት የተሸጠ ሰው ነበር። አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት የወጣች ሴት ነበረች። በምጽዋ አጠገብ ያስተማሯቸው ሰዎች «የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ቢመልሷቸው ኖሮ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከእጃቸው ባልተገኘ ነበር። ኦነሲሞስም በዚያው አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. ነቀምቴ ገብቶ ባላስተማረ ነበር።

ሕጉስ ተጽፏል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፥ በጾታና በሃይማኖት ማበላለጥን ይከለክላል፤ አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት ይጠብቃል። ነገር ግን አንቀጽ በቃሉ ያጠና ሁሉ ትክክለኛ ፈራጅ አይሆንም። መምህራን ሆይ፥ ተማሪውን በተግባር አለማምዱት፤ ስም የተሸፈነበትን ማመልከቻ ይመርምር፤ ዓይነ ስውሩን አመልካች በቃል ወይም በብሬል መፈተንን ይወቅ፤ ኦሮምኛንም አማርኛንም ይማር።

«የማን ልጅ ነህ?» የሚለውን ትቶ «ምን ሥራ ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ ያልተማረ ሰው፥ ዲግሪ ቢይዝም ያ ወንበር አይገባውም።